ለተማሪ የሚሆን የትራም ፌርማታ፦ ቦታ ስንመርጥ ድሬዳዋ ያስተማረችን

የመመረቂያ ፕሮጀክቴን ካስረከብኩ ወዲህ፣ በየዓመቱ ሁለተኛው ሴሚስተር ሲጋመስ ስልኬ ይጮኻል። ደዋዮቹ የአርክቴክቸርና የከተማ ፕላን ተማሪዎች ናቸው። ጥያቄያቸው ይመሳሰላል። «ሳይት አናሊሲሱን ጨርሰናል፤ ጁሪው ግን ‹ለምን ይሄ ቦታ?› ብሎ መለሰን። ምን እናድርግ?» ይላሉ። ሳይት አናሊሲስ የቦታ ትንተና ነው፤ ጁሪ ደግሞ ሥራውን የሚገመግሙት መምህራን። ድምፃቸው ውስጥ ያለውን ድካም አውቀዋለሁ። ሴሚስተሩ እየሮጠ ቦታ የሌለው ዲዛይን ይዞ መቀመጥ እንቅልፍ ይነሳል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምነግር አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

የተሰጠን ሥራ እንዲህ ነበር። ድሬዳዋ ውስጥ አንድ የትራም መስመር አለ እንበል። ከመጋላ ሰፈር ይነሳል፣ የደቻቱን ወንዝ ይሻገራል፣ የከዚራን ሰፈር አቋርጦ ወደ ሳቢያን ይዘልቃል። በዚህ መስመር ላይ በዋናነት ተማሪ የሚጠቀምበት አንድ ፌርማታ የት ቢሆን ይሻላል? ቦታውን ምረጡ፣ ተንትኑ፣ ከዚያ ንደፉ። ከተማዋ ትራም የላትም፤ ሐሳቡ ግን እንግዳ አይሆንባትም። ድሬ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ከብዶት እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ፤ ከተማዋም በጣቢያው ዙሪያ በቀለች። የከዚራ ቀጥ ያሉ መንገዶች የዚያ ዘመን አሻራ ናቸው። ስለ ባቡር ጥያቄ ይዛችሁ ለገሃር አካባቢ ብትወጡ የሚያዋራችሁ ሰው አታጡም።

ሥራው ሲሰጠን አብዛኞቹ ቡድኖች ያደረጉት ተመሳሳይ ነገር ነው። ሳተላይት ካርታ ከፈቱ፣ አንድ የትምህርት ተቋም ፈለጉ፣ ዋናው በር ፊት ለፊት ነጥብ አደረጉ። የእኛም ቡድን እንደዚያው። ቦታው ሲያዩት ያምራል። ሰፊ ነው፣ አስፋልት ዳር ነው፣ በሩ ግርማ ሞገስ አለው። ነጥቡን መሃል አድርገን 400 ሜትር ክብ አሰመርን። ሰው በተለመደ እርምጃ በ5 ደቂቃ የሚሄደው ርቀት እሱ ነው ስለሚባል። ክቡ ውስጥ ዶርሚተሪው፣ ቤተ መጻሕፍቱና መማሪያ ክፍሎቹ በሙሉ ገቡ። ደስ አለን፤ ወደ ዲዛይን ገባን።

የመካከለኛው ግምገማ ላይ አንድ መምህር ፖስተሩን ረጋ ብለው ካዩ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ተማሪው በዚህ በር ነው የሚወጣው?»

ማናችንም መልስ አልነበረንም። በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ሄደን ቆምን። በዋናው በር የሚገቡት የሠራተኛ መኪናዎች ናቸው። እንግዳ ነው፤ ጉዳይ ያለው ሰው ነው። ተማሪው በሌላ በኩል ነው የሚፈሰው፣ በጎን በር። ፎቶኮፒ ቤቶቹ እዚያ ናቸው። ፉል ቤቱ፣ ጁስ ቤቱ፣ የሞባይል ካርድና ቻርጀር የሚሸጥበት ኮንቴይነር፣ ተራ የሚጠብቁት ባጃጆች፣ ሁሉም እዚያ ነው። ዋናው በር የክብር በር ነው፣ የምርቃት ቀን ፎቶ የሚነሱበት። ያ የሚያምር 400 ሜትር ክብ ደግሞ የግቢውን አጥር ዘሎ ያለፈ ነበር። ከዶርሚተሪ ዋናው በር በካርታ ቅርብ ይመስላል፤ በእግር ግን አጥሩን ዞሮ መምጣት ይጠይቃል። ካርታ ላይ አጥር ቀጭን መስመር ነው፤ መሬት ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ግንብ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይሄ ነው፦ ክብ አታስምሩ፤ መንገዱን ራሳችሁ ሂዱበት። ስልካችሁ ላይ የእግር ጉዞ የሚመዘግብ አፕ ክፈቱና ተማሪው ከሚተኛበት፣ ከሚማርበትና ከሚበላበት ተነስታችሁ እያንዳንዱን መንገድ በእግር ለኩ። ቀትር ላይም ለኩ። ድሬ ላይ ጠዋት 1 ሰዓት 400 ሜትር መሄድና ቀትር ላይ 400 ሜትር መሄድ አንድ አይደለም። ቀትር ላይ ሰው አጭሩን መንገድ ትቶ ጥላ ያለበትን ይይዛል። ያንን መንገድ ካርታው አያሳያችሁም።

እዚያው ቦታ ላይ ሌላም ችግር ነበረ። ዋናው በር ፊት ለፊት መንገዱ ይጠመዘዛል። ትራም የሚቆምበት ቦታ ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ፉርጎው አይታጠፍም፤ መድረኩ፣ ማለትም ሰው ቆሞ የሚሳፈርበት ወለል፣ ግን ከመንገዱ ጋር ይታጠፋል። በመሃል ክፍተት ይፈጠራል፤ ዊልቸር የሚጎረብጠው፣ የሕፃን እግር የሚገባው እዚያ ነው። የመሬቱ ዝንባሌም እንዲሁ። ቆሞ ሰው የሚጭን ባቡር ለጥ ያለ ቦታ ይፈልጋል። እነዚህ ሁለቱ ቀድመው ቢታዩ ብዙ ቦታ ገና ከጅምሩ ይወድቃል፤ ብዙ ሌሊትም ይተርፋል።

የመጀመሪያው ቦታ ከወደቀ በኋላ ያለው ሳምንት በጣም አደገኛው ነው። ሰው ይደነግጣል። ሲደነግጥ ባዶ መሬት ይፈልጋል። እኛም ከቡድኑ አንዱ ልጅ «ደቻቱ ዳር ሰፊ ቦታ አለ» ሲል ተንጠላጠልንበት። ከመጋላም ከከዚራም የሚመጣ ተማሪ ይገናኝበታል፣ እይታው ክፍት ነው፣ የሚፈርስ ቤት የለም። ወረቀት ላይ ሁሉም ነገር ልክ ነበር።

ደቻቱን የማያውቅ ሰው ወንዝ ነው ብሎ አያምንም። የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። እኛ የሄድንበት ቀንም አሸዋው አቧራ ያነሳ ነበር። አንድ የአካባቢው አባት ሜትር ዘርግተን ስንለካ አይተው ጠሩን። ምን እንደምንሠራ ነገርናቸው። «እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ጎርፉ ሊመጣ ይችላል» አሉን። «የእኛን ሰማይ አትዩ። ላይ ተራራው ጠቁሯል ወይ? እሱን ነው የምታዩት።» በእጃቸው ወደ ደቡብ አሳዩን።

የሚሉት ትክክል ነው። ደቻቱን የሚሞላው ከተማዋ ላይ የሚጥለው ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ከደቡብ ያለው የሐረርጌ ደጋ የሚያወርደው ውሃ ነው። በ1998 ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል፤ በሺዎች የሚቆጠሩትን ከቤታቸው አፈናቅሏል። ከዚያ ወዲህ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ቢሆንም በሌሊት ከቤተ መጻሕፍት የሚመለስ ተማሪ ቆሞ የሚጠብቅበትን መድረክ ወንዙ አፍ ላይ ማድረግ ልባችን አልፈቀደም። ቦታውን በዚያው ቀን ተውነው።

ከዚህ ቦታ የወሰድነው ነገር በሥራችን ሁሉ ተከተለን። ጎርፍ የነጥብ ጉዳይ አይደለም፤ ማጣሪያ ነው። ብዙ ተማሪ ቦታዎችን ሲያወዳድር ሠንጠረዥ ይሠራል። ለትራንስፖርት 5፣ ለጥላ 3፣ ለጎርፍ 2 ብሎ ይደምራል። በዚህ አሠራር ጎርፍ ሰው የሚወስድበት ቦታ በእይታውና በስፋቱ ነጥብ ሰብስቦ አንደኛ ሊወጣ ይችላል። እንደዚያ አታድርጉ። መጀመሪያ አዎ ወይም አይደለም የሚባሉትን ለዩ፦ ጎርፍ፣ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ዳገት። አንዱን ያላለፈ ቦታ ሠንጠረዡ ውስጥ አይግባ። ነጥብ የሚሰጠው ላለፉት ብቻ ነው። የየመስፈርቱን ክብደት ደግሞ ቦታዎቹን ከማየታችሁ በፊት ወስኑና ጻፉት። አንድ ቦታ ከወደዳችሁ በኋላ ክብደት ብትሰጡ እጃችሁ ወደወደዳችሁት ያደላል። ጁሪም ይሄን ቶሎ ነው የሚያየው።

ዝናብ ሲጥል ደግሞ ቤት አትቀመጡ። ከሳተላይት የተወሰደ ኮንቱር (የመሬት ከፍታ መስመር) ለጥ ያለ መሬት ላይ ብዙም አይታመንም። ዝናቡ እንዳባራ ካሜራ ይዛችሁ ውጡ። ውሃው የት ተኛ? በየት በኩል ሄደ? የትኛው ቱቦ በፌስታል ተደፍኗል? የመጨረሻ ዲዛይናችን ውስጥ የውሃ መውረጃውን ያስቀመጥነው አንድ ከሰዓት ዝናብ ካባራ በኋላ ባነሳናቸው ፎቶዎች ነው።

አሁን ወደ ጎን በሩ ልመለስ። ሦስተኛው ቦታችን እዚያ አካባቢ ነው የተገኘው፤ ያገኘነው ግን ቦታ ስንፈልግ አልነበረም። ሰው ልንቆጥር ነበር የሄድነው። ጎን በሩ አጠገብ ቡና የምታፈላ እናት አለች። ብዙ ስለተመላለስን ለምደናታል። አንድ ቀን ጀበናዋን፣ ረከቦቷንና በርጩማዎቿን ሁሉ ከግንቡ አንድ ወገን ወደ ሌላው ስታዛውር አገኘናት። ሸራዋንም ፈትታ በሌላኛው በኩል እያሰረች ነበር። እያገዝኳት ምን ሆነሽ ነው አልኳት።

«ምን እሆናለሁ ልጄ፣ ግንቦት መጣ አይደል። ፀሐይዋ አሁን በዚያ በኩል ዞራ ነው የምትመታኝ። መስከረም ላይ ደግሞ እመለሳለሁ።»

እኛ ሶፍትዌር ላይ የፀሐይ ዲያግራም አውጥተን ፖስተር ላይ ለጥፈን ነበር። ያማረ ክብ፣ ብዙ ቀለም። ምን እንደሚል ግን ማንም አንብቦት አያውቅም። ያን ማታ ከፍተን በደንብ አየነው። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ቀትር ላይ ልክ አናታችን ላይ ትመጣለች፤ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ ማለቂያ አካባቢ። በእነዚህ በሁለቱ መሃል፣ በግንቦት፣ በሰኔና በሐምሌ፣ የቀትር ፀሐይ ያለችው በሰሜን ነው። ከመስከረም እስከ መጋቢት ደግሞ በደቡብ። ቡና የምታፈላዋ እናት ያለ ምንም ዲያግራም በሸራዋ የምትከተለው ይሄንኑ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ድሬ ላይ ፌርማታ ማለት ከሁሉም በፊት ጥላ ማለት ነውና። ጣሪያችሁ ከመሬት 3 ሜትር ከፍ ያለ ነው እንበል። ታኅሣሥ ላይ ቀትር ጥላው ወደ ሰሜን 2 ሜትር ገደማ ይሸሻል። ሰኔ ላይ ወደ ደቡብ ይሄዳል፤ ግን 1 ሜትር እንኳ አይሞላም። ይሄ ቀላል ነው፤ ጣሪያውን በሁለቱም በኩል ትንሽ ማስረዘም ይበቃል። ፈተናው ከሰዓት ነው። 10 ሰዓት አካባቢ፣ ተማሪው ከክፍል በሚወጣበት ሰዓት፣ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ከምዕራብ ትመጣለች። የ3 ሜትር ጣሪያ ጥላ ወደ ምሥራቅ 5 ሜትር ገደማ ይርቃል። መድረኩ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ከሆነና ስፋቱ 3 ሜትር ከሆነ፣ ጥላው መድረኩን ዘሎ ሐዲዱ ላይ ነው የሚወድቀው። አግዳሚው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው በሙሉ ፀሐይ ላይ ነው። መድረኩ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከተዘረጋ ግን ጥላው የሚሸሸው በመድረኩ ርዝመት ነው። 30 ሜትር የሚሆን ጣሪያ ካላችሁ ዳር ላይ ያለችው 5 ሜትር ገደማ ብቻ ትጋለጣለች፤ የቀረው ጥላ ሆኖ ይቆያል።

ምርጫችንን የቆረጠው ይሄ ስሌት ነው። ከጎን በሩ አጠገብ ሁለት መንገዶች ነበሩ፤ ሁለቱም ማጣሪያውን አልፈዋል። አንዱ ወደ ሰሜን ይሄዳል፣ ሌላው ወደ ምዕራብ። የሚሰፋው የመጀመሪያው ነበር፤ የመረጥነው ሁለተኛውን ነው። የኒም ዛፎች ቀድመው የተሰለፉበትም እሱ ነበር። ጁሪው ፊት ይሄን በቁጥር ስናስረዳ ክርክር አልተነሳም።

ካነሳሁት አይቀር ስለ ዛፍም ልበል። የድሬዳዋ ዛፍ የምንለው ባለ ቀይ አበባው ዛፍ ያምራል፤ ሁሉም ተማሪ ሞዴሉ ላይ መትከል ይፈልጋል። ሥሩ ግን ላይ ላዩን ነው የሚሰፋው፤ ንጣፍ ያነሳል። በደረቁ ወቅትም ቅጠሉን ያራግፋል። ከመድረክና ከሐዲድ አጠገብ ኒም ይሻላል፤ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም። ቀዩን አበባ ራቅ አድርጋችሁ፣ ሰው የሚያርፍበት ሜዳ ላይ ትከሉት። የነበረ ዛፍ ካለ ደግሞ ቦታውን ለካችሁ ፕላኑ ላይ አስገቡ። አዲስ የተተከለ ችግኝ ጥላ እስኪሆን ዛሬ የምትነድፉለት ተማሪ ተመርቆ ይሄዳል።

ወንበርም እንዲሁ ነው። በ8 ሰዓት ፀሐይ የዋለ ብረት ላይ እጃችሁን አሳርፉ፤ ለምን ማንም እንደማይቀመጥበት ያኔ ይገባችኋል። እንጨት ወይም ሁልጊዜ ጥላ ውስጥ የሚውል ድንጋይ ምረጡ። ነጠላ ቆርቆሮ ጣሪያም ከላይ የወሰደውን ሙቀት ወደታች ይመልሰዋል። በመሃሉ አየር የሚያልፍበት ድርብ ጣሪያ ብዙ ይለውጣል። ለምሳሌ የሚሆናችሁ ነገር ሩቅ አገር አትፈልጉ። ከዚራ ውስጥ ያሉትን የድሮ ቤቶች ጥልቅ በረንዳ፣ የቀፊራን ገበያ ቅስቶች ሄዳችሁ እዩ። ሰው ቀትር ላይ የት ተጠልሎ እንደሚቆም ልብ በሉ።

ሥራችንን የቀየረው ሌላው ነገር ሴት ተማሪዎችን ለብቻ ማናገር ነው። በመጀመሪያው መጠይቅ ወንዶችና ሴቶች አንድ ላይ ተቀምጠው ነበር የሞሉት። ሁሉም ሰው «ጥላ፣ ወንበር፣ ዋይፋይ» ብሎ ጻፈ። ቆይቶ ከሴቶቹ ጋር ብቻ ዶርም ውስጥ ተቀምጠን ሻይ እየጠጣን ስናወራ ሌላ ወሬ መጣ። ጥያቄውንም ገለበጥነው። የት መጠበቅ ትወዳላችሁ አላልንም፤ ከመሸ በኋላ የት አትቆሙም አልን። መልሱ ቶሎ ቶሎ መጣ። ከጀርባው ግንብ ያለው ቦታ አይቆሙም። ሱቆቹ ቶሎ የሚዘጉበት በኩል አይቆሙም። መብራት ሲጠፋ ማንም የማያያቸው ቦታ ከመቆም ሩቅም ቢሆን ዞረው መሄድ ይመርጣሉ። አንዷ ካርታውን ከእጄ ወስዳ በእስክርቢቶ የማትሄድባቸውን ቦታዎች አጠቆረችልኝ። ያ ወረቀት ከሁሉም ፖስተር በላይ ዋጋ ነበረው። የመጠበቂያውን ጀርባ ክፍት ያደረግነው፣ መድረኩን እስከ ምሽት ክፍት ከሚሆኑት ሱቆች ፊት ያስጠጋነው፣ በሶላር የሚሠራ መብራት ያስገባነው በእሷ ወረቀት ነው።

ስለ ቆጠራ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። በየ15 ደቂቃው ለይታችሁ ቁጠሩ። ተማሪ እንደ ሠራተኛ ቀስ እያለ አይመጣም፤ ክፍል ሲለቀቅ ባንድ ጊዜ ይፈሳል። በሰዓት ብቻ ከቆጠራችሁ ያ ጎርፍ አማካይ ሆኖ ይጠፋል፤ መድረካችሁም ጠባብ ሆኖ ይቀራል። ቀትር ላይ ከተማው ጭር ሲል፣ አመሻሽ ላይ ሲነቃ፣ ሁለቱንም ያዙ። ዓርብ ከሌላው ቀን ይለያል። የፈተና ሳምንት ይለያል። በጣም የሚረሳው ደግሞ ተማሪ የሚገባበት ሳምንት ነው። አዲስ ገቢ ሻንጣ ይዞ፣ ፍራሽ ተሸክሞ፣ አንዳንዱም ከአባቱ ወይም ከእናቱ ጋር ነው የሚመጣው። ያን ቀን አንድ ሰው የሁለት ሰው ቦታ ይይዛል። የበሩንና የራምፑን (ደረጃ የሌለውን ተዳፋት መውጫ) ስፋት በተለመደው ቀን ሳይሆን በዚያ ቀን መዝኑት።

ራምፕ ካልኩ ቁጥሩን ልስጣችሁ። ዝቅተኛ ወለል ላለው ትራም መድረኩ ከመሬት 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ቢል፣ በ1 ለ12 ዝንባሌ 4 ሜትር ከ20 ራምፕ ያስፈልጋል። በ1 ለ20 ካደረጋችሁት 7 ሜትር ይሆናል፤ ዊልቸር ለሚገፋም ሻንጣ ለሚጎትትም የሚመቸው እሱ ነው። ዊልቸር ዞሮ እንዲመለስ 1 ሜትር ከ50 ክፍት ቦታ ተዉ። ይሄ ሁሉ የሳይቱን ርዝመት ይበላል፤ ስለዚህ ቦታ ስትመርጡ ነው ማሰብ ያለባችሁ፣ ከመረጣችሁ በኋላ አይደለም።

ትራም አይቶ ለማያውቅ ሰው አዲስ አበባ ሄዶ መቆም ግድ ነው። ቀላል ባቡሩ ከ2008 ጀምሮ ይሠራል፤ ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው። ከባቡሩ ይልቅ ሰዉን እዩ። ሐዲዱ በብዙ ቦታ በአጥር ስለተከለለ ከአንዱ ማዶ ወደ ሌላው መሻገሪያው የተወሰነ ነው። ፌርማታው ፊት ለፊት እየታየው ዞሮ የሚሄደውን ሰው ተከተሉት። ጎን በሩ ላይ መሻገሪያውን ከመድረኩ ዳር ያስጠጋነው፣ መንገዱንም በዚያ ቦታ ከእግረኛው ወለል ጋር እኩል ያደረግነው ያን ካየን በኋላ ነው።

ባጃጅን አትርሱ። ድሬ ላይ ያለ ባጃጅ የሚሠራ የትራንስፖርት ሐሳብ የለም። መጀመሪያ ስንጠጋቸው ሾፌሮቹ ተጠራጥረውን ነበር። «አቦ፣ እኛን ልታስነሱን ነው አይደል?» አለ አንዱ። አይደለም ብለን ካርታውን ዘረጋን። ከትራሙ ወርዶ ወደ ውስጥ ሰፈር የሚገባውን ሰው ማን ያደርሰዋል ብለን ጠየቅነው። ከዚያ በኋላ እሱ ነው ያስተማረን፤ በስንት ሰዓት ወዴት እንደሚጭን፣ የት ዞሮ እንደሚመለስ፣ የትኛው ጥግ ላይ መኪና ሁልጊዜ እንደሚጋጭ። ተራቸውን ከመድረኩ ጫፍ አጠገብ፣ ግን ባቡሩን የሚሾፍረው ሰው እይታ በማይጋርድበት ቦታ አደረግንላቸው።

ለሥራው ወጥታችሁ ከመጉላላታችሁ በፊት ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ አውጡ፤ ኮፒውን ሁላችሁም ያዙ። ካሜራና ሜትር ይዞ መንገድ ዳር የቆመ ወጣት ይጠየቃል። ባቡር ጣቢያና የመንግሥት ተቋም አካባቢ ደግሞ ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ። ቀበሌ ካርታ ስትጠይቁ ቀኑ ይረዝማል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ጀምሩት።

ፖስተር ላይ ስትመጡ አንድ ነገር አድርጉ። ከእያንዳንዱ የትንተና ሥዕል ሥር «ስለዚህ» ብላችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የፀሐይ ዲያግራም፣ ስለዚህ መድረኩ ምሥራቅ ምዕራብ ሆነ። የሌሊት ካርታ፣ ስለዚህ ጀርባው ክፍት ሆነ። የነፋስ ሥዕል፣ ስለዚህ? መልስ ከሌለው ሥዕሉን አንሱት። እኛ በዚህ መንገድ ያለንን ሥዕል ግማሽ ያህሉን ጣልን፤ የቀረው ግን በጁሪው ፊት ራሱ ተናገረ። የወደቁትን ሁለት ቦታዎችም አልደበቅንም። አንድ ሺት ላይ ለምን እንደወደቁ አሳየን፤ መምህራኑ በጣም ብዙ ጊዜ የቆሙት እዚያ ሺት ፊት ነው።

የቆጠራ ወረቀቶቻችሁን ከምርቃት በኋላ አትጣሉ። ቀንና ሰዓት ጽፋችሁባቸው ለትምህርት ክፍሉ ወይም ከታች ላሉት ልጆች ስጧቸው። የእኛን ከዓመት በኋላ ሌላ ቡድን ወስዶ ከመጋላ በኩል ላለው ፌርማታ መነሻ አደረገው፤ አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ይቻላል። ከመጋላ በኩል ገና ያልተቆጠረው የምሽቱ ነው፤ በዚህ ሴሚስተር ለመሥራት ያሰባችሁ ካላችሁ ከዚያ ጀምሩ።